አባባ ያዩት ቢራቢሮ

መንዝ ውስጥ ቢራቢሮ የምታሳድድ ሴት እኔ ብቻ ነኝ ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። መሐል ሜዳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ስልኬን ይዤ በገብሱ ማሳ ዳር፣ በገደሉ አፋፍ፣ በየደብሩ ቅጥር ስዞር ነው የምገኘው። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ "ምን ጠፍቷት ነው?" እያለ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር። አሁን ለምዶኛል። ገበያ መሀል የማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ ያስቆሙኝና "አንቺ የቢራቢሮዋ፣ ትናንት ባቄላው ላይ አንድ ነጭ አየሁልሽ" ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ ምን እደብቃለሁ!

አንድም ቢራቢሮ አልገድልም። ክንፏን ዘርግታ ስታርፍ ከላይ፣ ስትገጥመው ደግሞ ከጎን ፎቶ አነሣታለሁ። የት እንዳየኋት፣ መቼ እንዳየኋት፣ ፀሐይ ይሁን ደመና፣ ምን ላይ እንዳረፈች እጽፋለሁ። ከዚያ አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ ሰው በቴሌግራም እልክለታለሁ። እሱ የአገሪቱን ቢራቢሮዎች የሚመዘግብ ነው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ትሑት ነው፣ ግትርነቱ ግን ለጉድ ነው። እዚሁ ደጋው ላይ ተፈልፍለው እዚሁ የሚኖሩትን ስልክለት "ተመዝግቧል፣ አመሰግናለሁ መምህርት" ብሎ ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው በመንገደኞቹ ነው።

መንገደኛ የምንለው አገሩ ያልሆነውን ነው። ቆላ ተፈልፍሎ ነፋስ ሲያነሣው ወይም ክንፉ ሲመራው ደጋ የሚወጣ፣ እዚህ ደርሶ ግን ሳይራባ የሚቀር ቢራቢሮ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ታይቶ ይጠፋል፣ ተመልሶ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ መንገደኛ ተገኘ ሲባል የእኔ መዝጋቢ ዳኛ ይሆናል። ማን አየው? ሌላስ ማን አየው? በእርግጥ በራሱ ክንፍ ነው የመጣው? አንዴ መሐል ሜዳ መናኸሪያ አንዲት የቆላ ቢራቢሮ አንሥቼ ብልክለት "ምን መኪና አጠገብ ነበረች?" አለኝ። ከቆላ ብርቱካን ጭኖ የመጣ አይሱዙ አጠገብ ነበረች፤ አልዋሽም፣ ነገርኩት። "ተሳፍራ ከመጣች አትቆጠርም" ብሎ ሰረዘብኝ። ደሜ ፈላ። ሰሞኑን በሙሉ አኩርፌው ከረምኩ። ነገሩ ሲበርድልኝ ግን ልክ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ብሆን በማይክሮስኮፕ ያላየውን አየሁ ብሎ ለሚጽፍ ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው።

ይሄን ሁሉ የማወራው በአባቴ ምክንያት ነው።

አባባ ቄስ ናቸው። ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች ደብር ከጉብዝናቸው ጀምሮ ሲቀድሱ ኖረዋል። አሁን አርጅተው ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። "ደብረ ብርሃን ልውሰድዎት፣ ሞራ መገፈፍ እኮ ዛሬ ቀላል ነው፣ ውለው ነው የሚገቡት" ብዬ ስንት ዘመን ለመንኳቸው። "የማየው ይበቃኛል" ይሉኛል። እኔን ሰው ሁሉ ቁጡ ናት ይለኛል፣ ነኝም። አባባ ግን ይብሳሉ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም እንጂ አንዴ እንቢ ካሉ አበቃ።

ባለፈው ጥቅምት ቅዳሴ ላይ ጽዋውን ሲያነሡ እጃቸው ሳተ። አልፈሰሰም፤ ዲያቆኑ ደረሰላቸው። ግን የደብሩ አስተዳዳሪ አየ። አስተዳዳሪው ድሮ አባባ ፊደል ያስቆጠሩት ልጅ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ወደ ሰበካ ጉባኤው ወሰደው፤ እነሱም አባባ ከእንግዲህ መቅደስ ይግቡ ወይስ ውጪ ሆነው እየጸለዩ ይረፉ የሚለውን ለኅዳር ሚካኤል እንወስናለን አሉ። ይረፉ ይላሉ እንዴ! እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባን በሕይወት ያቆማቸው ያ መቅደስ ነው። ሌላ ምን አላቸው?

ቢራቢሮው የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ከቤቱ ፊት ለፊት ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ሳልቀመጥ "እስቲ ጥቁሩን ካባዬን ከውስጥ አምጪልኝ፣ ነፋሱ በረታ" አሉኝ። ገብቼ ጥቁሩን አወጣሁላቸው። ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "ይሄን አይደለም፣ የእሑዱን ነው እኮ ያልኩሽ" አሉ። የእሑዱ ካባ ጥቁር አይደለም፤ ወይን ጠጅ ነው፣ ያውም ከሩቅ የሚጣራ ወይን ጠጅ። "እና ጥቁሩን ለምን አሉኝ?" ብዬ ተነጫነጭኩና የእሑዱን አመጣሁላቸው። አፋቸው ሳተ ብዬ ነበር የተውኩት።

ካባቸውን ደረቡና "አንቺ የቢራቢሮዋ" አሉኝ፤ እሳቸውም እንደ ገበያተኛው መጥራት ጀምረዋል። "ባለፈው እሑድ አንድ ቢራቢሮ መጥቶብኝ ነበር። ለእነዚህ ብነግራቸው ሳቁብኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ውስጥ የወይራው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ሳለ አንድ ቢራቢሮ መጥቶ መቋሚያው ራስ ላይ ያርፋል። ከአፍንጫቸው ስንዝር አይርቅም። አይተው አይተው ሲጨርሱ ተነሥቶ ይበራል። አስተዳዳሪውን ጠርተው ይነግሩታል። እሱም "አባ፣ በዚህ ውርጭ? ጠዋት በረዶ ስንረግጥ ነው የመጣነው እኮ" ይልና ይስቃል፤ ዲያቆናቱም ይስቃሉ። ከዚያ ወሬው ወጣ። አባ ዓይናቸው ብቻ ሳይሆን ያልሆነ ነገር እያሳያቸው ነው ተባለ። ለሚካኤሉ ውሳኔ ይሄ አንድ ትልቅ ማስረጃ ሆነባቸው።

"ምን ይመስላል?" አልኳቸው። ልቤ ዘሏል፣ ግን ፊቴን አላሳየሁም። ምስክር የሚጠይቅ ሰው ፊቱን ማሳየት የለበትም።

"ጥቁር ነው። እንደ ከፋይ ያለ ጥቁር። ላዩ ላይ ነጭ አለበት።"

"ስንት ነጭ?"

"ስድስት። በየጎኑ ሦስት ሦስት። በፊተኛው ክንፍ አንድ ትልቅና ጫፉ ጋ አንድ ትንሽ፣ በኋለኛው ክንፍ ደሞ አንድ ክብ።"

"እንዴት ነው ያረፈው?"

"ዘርግቶ። ቤቱ መስሎት።"

በስመ አብ! አወቅሁት። ዓለም ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ወደ ጀማ ወንዝ ወረድ ብዬ ቆላው ውስጥ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ቢራቢሮ ነው። ሞቃት አገር የሚኖር፣ የሩቅ መንገድ ተጓዥ። ሴቷ ሌላ መልክ ነው ያላት፣ ወንዱ ግን ልክ አባባ እንዳሉት ጥቁር ከፋይ ላይ ስድስት ነጭ አለው። ሰው ፈጥሮ የሚያወራው መልክ አይደለም። መንዝ ደጋ ላይ ታይቷል ሲባል ደግሞ እኔ እስከማውቀው ሰምቼ አላውቅም።

ያንኑ ቀን አባባ ያሉኝን ቃል በቃል፣ አንድም ሳልጨምር ጽፌ ላክሁ። ለመዝጋቢው አባቴ መሆናቸውንም፣ ሞራ እንዳለባቸውም አልደበቅሁትም። በማግስቱ መለሰልኝ። "መምህርት፣ የጻፍሽው ሊሆን የሚችለውን ቢራቢሮ አውቃለሁ። ግን ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ፎቶም የለም። ሌላው ደግሞ በእያንዳንዱ ነጭ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ወይን ጠጅ መኖር ነበረበት። ቅርብ ሆኖ ያን ወይን ጠጅ ያላየ ሰው አይቼ አላውቅም። እስቲ ጠይቂያቸው።"

ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። አንደኛ፣ እኔም ያን ወይን ጠጅ አውቀዋለሁ፣ ቆላ ሳየው ክንፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብልጭ ይል ነበር። ሁለተኛ፣ "ወይን ጠጅ ነበረው ወይ?" ብዬ አልጠይቃቸውም። እንዲያ ብጠይቃቸው አባባ ባይዋሹ እንኳ ሰው በተጠየቀው ቀለም ማሰብ ይጀምራል። እንዲህ ዓይነቱን ምስክርነት ቢያመጡልኝ እኔ ራሴ አልቀበለውም። ደውዬ "አባባ፣ ሌላ ቀለም ነበረው?" ብቻ አልኳቸው።

"አልነበረውም" አሉ። "ጥቁርና ነጭ። ጥቁር ጥቁር ነው፣ ምን ታደርቂኛለሽ?"

እንደዚያው አድርጌ ላክሁለት። "እንግዲያው ሌላ ያየ ካልተገኘ አልመዘግበውም" አለ። ኧረ ይገኛል! ያን ዕለት ክርስትና ነበር፣ ቅጥሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አልዋለም። ሌላ ያየ ተገኝቶ ያ ቢራቢሮ ከተመዘገበ አስተዳዳሪው ፊት ቆሜ "አባቴ ያልሆነ ነገር አላዩም" እላለሁ። ይሄን ይዤ በሚቀጥለው እሑድ ከሌሊቱ ቅዳሴ ጀምሮ ደብሩ ተገኘሁ።

ስህተቴን የሠራሁት እዚያ ነው፤ መንዜ ሆኜ መሳሳት የማይገባኝን ስህተት። እኔ ጮክ ብዬ ከምጠይቅ በአዛውንት ቢሆን ይከበራል ብዬ የዕድሩን ዳኛ ለመንኳቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ከጽዱ ሥር አስቀመጡት፣ ሽማግሌዎቹን በአንድ ወገን አደረጉ፣ ዱላቸውን ተክለው ቆሙና በዚያ በሚያስተጋባ ድምፃቸው "የክርስትናው ዕለት በዚህ ቅጥር ውስጥ ጥቁር ቢራቢሮ ያየ ይናገር! ያየ የተደበቀ እንዳይኖር!" አሉ።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ወዲያው ገባኝ፣ ግን ረፍዶ ነበር። በዚያው ሳምንት ለቤተ ክርስቲያኑ በስለት የገባ ሙክት ጠፍቷል። እዚህ አገር ደግሞ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ "ያየ ይናገር" ከተባለ አውጫጭኝ ነው። ድሮ በግ ሲሰረቅ፣ ጎተራ ሲቃጠል አገሩ ሁሉ ወጥቶ የሚጠየቅበት ሸንጎ ማለት ነው፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይደረጋል። እዚያ ላይ ማንም ተነሥቶ በግልጽ "እኔ አየሁ" አይልም። ያየ ሰው ቀስ ብሎ ለአንድ ሰው ሹክ ይላል፣ ያ ሰው ደግሞ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። አሁንም ሰዉ ሙክቱን ነው የምንፈልገው ብሎ አመነ። ቢራቢሮው ዘዴ ነው፣ መግቢያ ነው አለ።

"እኔ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብሎ ጀመረ አንዱ። "ቢራቢሮም አላየሁ፣ የቢራቢሮ ባለቤትም አላየሁ።"

"እኔ ያን ዕለት ዓለም ከተማ ነበርኩ" አለ ሌላው፣ "የተሳፈርኩበትን ሾፌር ጠይቁ።"

አንዲት ሴት ደግሞ ተነሥታ ቤቷ ድረስ መጥተን እንድንፈትሽ ፈቀደች። ቢራቢሮ ፍለጋ! ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ተነሥቼ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ቢራቢሮ ነው ያልነው! ክንፍ ያለው!" ብዬ ጮህኩ። የባሰ አደረግሁት። እኔ በጮህኩ ቁጥር ጉዳዩ ከባድ መሰላቸው። አባባ ወይራው ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ። ደብሩ በሙሉ ተራ በተራ እየተነሣ አላየሁም እያለ ማለ፤ አስተዳዳሪው ወደ እኔ ዞሮ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

አባባን ቤት አድርሼ መኪና ልጠብቅ ወደ መንገዱ ስወጣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከኋላዬ ደረሱብኝ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። አጠገቤ ቆሙና ሩቅ እያዩ "ወፍ ነገረችኝ" አሉ።

"ምን አለችዎት እማማ?"

"የተጠመቀችውን ሕፃን የክርስትና እናት ስልክ ይዩ አለች።" ይሄን ብለው ሄዱ። ዞረውም አላዩኝ።

መኪናው ቀረብኝ፣ ይቅርብኝ! ወዲያው ወደ ክርስትና እናቷ ገሰገስኩ። ወጣት ሴት ናት፣ ዘመሮ ሱቅ አላት፤ እዚያው አገኘኋት። ገና ስታየኝ "እኔ ሙክት አላየሁም" አለችኝ።

"የምን ሙክት! እኔ እኮ የቄሱ ልጅ ነኝ፣ የቢራቢሮዋ።"

"በማርያም በይ፣ ምንም አይመጣብኝም?"

"በማርያም።"

ስልኳን አወጣችና እየፈለገች "ያን ዕለት ፎቶ ያነሣ ሁሉ ይጠራል ብለው አስፈራሩኝ እኮ" አለች። ከዚያ አሳየችኝ። ሕፃኗን ታቅፋለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች። ትከሻዋ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ጥቁሩ ቢራቢሮ ተቀምጧል። ነጮቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት። በየነጩ ዙሪያም ያ ወይን ጠጅ ፀሐይ ላይ ቦግ ብሏል።

እልል አልኩ። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በስኳሩና በሳሙናው መሀል እልል አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ አብራኝ እልል አለች። ለምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን እልልታ ብቻውን አይተውም።

ፎቶውን ስልክለት መዝጋቢው አልጻፈልኝም፣ ደወለ። "መምህርት! ገባ! ቀኑ ያው፣ ቅጥሩ ያው፣ ሳይመካከሩ ያዩ ሁለት ምስክሮች። መጀመሪያ ያዩት አባትሽ ናቸው፣ በስማቸው ነው የማስገባው" አለኝ። እንዴት እንደተደሰትኩ ልነግራችሁ አልችልም። ኅዳር ሚካኤል ይድረስ ብቻ፣ አስተዳዳሪውን አሳየዋለሁ እያልኩ ሳለ "አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም" አለ። "ስድስቱን ነጭ ልክ በልኩ ነግረውሽ፣ ያን ያህል ቀርበው ሳለ ወይን ጠጁን እንዴት ሳያዩት ቀሩ?"

"ጥቁሩን ካባዬን አምጪልኝ" ያሉት በጆሮዬ መጣ። ሞራ ዓይንን ሲጋርድ እንደ ቢጫ መስተዋት ነው የሚሆነው፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀድመው ይጠፋሉ። ይሄን እኔ አስተምረዋለሁ! ሰሌዳ ላይ ዓይን እየሣልኩ አስተምረዋለሁ። የገዛ አባቴ ዓይን ግን ካባ ሳቀብላቸው አልታየኝም። "አጣራለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት አስተዳዳሪውን አባባ አጠገብ ጠራሁት። ፎቶውን አሳየሁት። ስልኬን ተቀብሎ ብዙ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ቁጭ አለና የአባባን ጉልበት ያዘ። "ይቅር ይበሉኝ አባ። ስቄብዎት ነበር።"

"እግዜር ይቅር ይበልህ" አሉ አባባ። "እኔም ብሆን በረዶ ላይ ቢራቢሮ ቢሉኝ እስቅ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ "አምጪው እስቲ" አሉ። ስልኩን ዓይናቸው ላይ ሊገጥሙት ትንሽ እስኪቀር አቀረቡት። "ይኸው። ስድስቱ። ምን ብለው ጻፉት?"

አነበብኩላቸው። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያዩት ሰው የሚለው ላይ የእሳቸውን ስም። ስማቸውን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ቀጠልኩ፤ ጥቁር፣ ስድስት ነጭ፣ በየነጩ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ ወይን ጠጅ።

"ወይን ጠጅ?" አሉ። "የት?"

"በየነጩ ዙሪያ ነው አባባ።"

ስልኩን እንደገና አቀረቡት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ ወደ ጥላ አዞሩት። አስተዳዳሪው እኔን ያየኛል፣ እኔ መሬት አያለሁ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝና የደረቡትን ካባ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ከፍ አደረጉት።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

መዋሸት እችል ነበር። "ወይን ጠጅ ነው አባባ" አልኩ።

"ጥቁር አይደለም?"

"ሆኖ አያውቅም።"

ካባውን ለቀቁት። ቅጥሩ ውስጥ የሰዎች ጨዋታ ወደሚሰማበት ዞር አሉ። "እንግዲያው ጻፊበት" አሉኝ። "ያዩት ሰው ወይን ጠጁን አላዩትም ብለሽ ጻፊ።"

"አባባ፣ ምን ያደርጋል? ተቀብለውታል እኮ! ገብቷል!"

"ጻፊ አልኩሽ። ያላየሁትን አየ ተብሎ ስሜ አይቀመጥም።"

እያለቀስኩ ጻፍኩ። ላክሁት። አባባ እስክልክ ጠበቁና ወደ አስተዳዳሪው ዞሩ። "ጉባኤውን አታስቸግር። የማየውን አያለሁ ስል ነበር፣ የማላየውን ግን አላውቅም ነበር። ሞራዬን ተገፍፌ እስክመለስ መቅደሱን አንተ ያዝልኝ።"

አስተዳዳሪው እጃቸውን ሳመ።

እኔ ስንት ዘመን የለመንኩትን፣ የተቆጣሁበትን፣ ያለቀስኩበትን ነገር አንድ ከጀማ የወጣ ቢራቢሮ መቋሚያቸው ላይ ተቀምጦ ጨረሰው። "አንቺ የቢራቢሮዋ" አሉኝ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ሲነሡ፣ "የደብረ ብርሃኑ መኪና ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?"

"ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አባባ።"

ካባቸውን አውልቀው ሰጡኝ። "ይሄን ያዥልኝ፣ እንዳትረሺው። ሐኪሙ ዓይኔን ሲፈታልኝ መጀመሪያ እሱን አሳዪኝ።"

አጣጥፌ ከስንቃቸው ጋር አስቀመጥኩት።